ብሬከሩ ላይ ያሰርኩት ሽቦ

ሰኞ

ዛሬም ብሬከሩ ጣለ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ነው። ሚስቴ አበባ ፍሪጁን ሳትነቅል ምጣዱን ከሰካች ቆጣሪው ስር ያለው ብሬከር ጠቅ ይልና ቤቱ ጭልም። ኩሽናውን የዘረጋሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከመኝታ ክፍሉ አምፖል ላይ ቀጥዬ፣ ለአምፖል በሚሆን ቀጭን ገመድ። ያኔ የነበረችን አንዲት ስቶቭ ናት። አሁን ምጣድ አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ ውሃ ማፍያ አለ። ሁሉም በዚያችው ገመድ።

አበባ ባለሙያ እንጥራ አለች። የቢሮ ጸሐፊን ማን ሽቦ አስተማረው ብላም ሳቀችብኝ። ከአባቷ ሞት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው። ቢሆንም አልጠራም አልኩ። ግትር ነኝ።

ማክሰኞ

ሠራሁት። በብሬከሩ መግቢያና መውጫ መሀል የመዳብ ሽቦ አሰርኩ። ገመዱ ከልክ በላይ ሲጫን የሚያቋርጠው እሱ ነበር፤ አሁን የሚያቋርጥ የለም። ምጣዱም ፍሪጁም አብረው ሠሩ። አማቴ እማማ ወርቄ ከመኝታ ክፍሉ ሆነው እጅህ ይባረክ አሉኝ።

ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ደስ አላለኝም። የቀጠልኩት ገመድ የሚያልፈው እማማ ከሚተኙበት በላይ፣ ከማዳበሪያ በሠራነው ኮርኒስ ውስጥ ነው። እዚያው ራስጌያቸው ግድግዳ ላይ የባላቸው ዳዊት ከነቆዳ ማኅደሩ ተሰቅሏል። ቄሱ አማቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ የደገሙበት ብራና። እዚህ ሰቆጣ ታመው ሲመጡ ከአገራቸው ከፃግብጂ ይዘውት የመጡት ንብረት እሱ ብቻ ነበር። እዚሁ አረፉ፤ ቅዳሜ አርባቸው ነው።

ረቡዕ

የጎረቤት ሴቶች ለተዝካሩ ሊመካከሩ መጡ። ከእማማ ጋር በኽምጥኛ ተነጋገሩ፤ ግማሹ ይገባኛል። የገባኝ ግማሽ ይበቃ ነበር። ዓርብ ሁሉም የየራሳቸውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሸክመው መጥተው እኛ ቤት ሊጋግሩ ነው። አምስት ምጣድ።

በየቤታችሁ ብትጋግሩስ አልኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኋላ አበባ ኩሽና ጠራችኝ።

«የሐዘን ቤት እንጀራ ተበታትኖ ይጋገራል? አትምጡብኝ አልካቸው እኮ።»

ገመዱ አይችልም ብል በቃ ነበር። ግን ለምን አይጥልም ብላ ትጠይቃለች። ያኔ ብሬከሩን ላሳያት ነው። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ

ወፍራም ገመድ ፍለጋ ገበያውን አዳረስኩት። የለም። ከወልድያ ሲመጣ አሉኝ፣ መቼ እንደሆነ እነሱም አያውቁም።

ሁለት ምጣድ ዛሬውኑ መጥቷል። አበባ ለሙከራ ሁለቱንም ሰካቻቸው፤ ሠሩ። እኔ መኝታ ክፍል ገብቼ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። እማማ ምን ሆንክ ልጄ አሉኝ። ምንም አልኳቸው።

ሽቦውን ልፈታ ሁለት ጊዜ ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። ብፈታው ነገ አንድ እንጀራ አይወጣም፣ ሊጡ ተቦክቷል። ሁለት ጊዜም ተመለስኩ። ይህን ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ።

ዓርብ

አራተኛው ምጣድ ሲሰካ ፕላስቲክ ሸተተ። ረፋድ ላይ ነው። ሮጬ መኝታ ክፍል ስገባ ኮርኒሱ ይጨሳል፣ እማማ ከስሩ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። በብብታቸው ስር ይዤ አወጣኋቸው። ወደ ዳዊቱ ሊመለሱ ታገሉኝ። አለቀቅኳቸውም። ከቆጣሪው በላይ ባለው ማጥፊያ ዋናውን መስመር አጠፋሁ፤ ሴቶቹ አፈር እየዛቁ አጠፉት።

ሰው አልተጎዳም። ደጋግሜ እጽፈዋለሁ፣ ሰው አልተጎዳም። የቀለጠው ማዳበሪያ ግድግዳው ላይ ወርዶ ነበር። ማኅደሩ ጠቁሮ ተርፏል። ብራናው ግን ተኮማትሮ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ልገልጠው ስሞክር እጄ ላይ ፈረሰ።

ቅዳሜ

ተዝካሩ ወጣ። ሴቶቹ ሊጡን ተካፍለው በየቤታቸው ጋገሩት፤ እኔ ረቡዕ እንዳልኩት። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። ሁሉም መብራቱ ኃይል ጨምሮ መጥቶ ነው እያለ አጽናናን። አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩ። እማማ በሰው ሁሉ ፊት ግንባሬን ስመው፣ ከእሳት ያወጣኝ ልጅ ነው አሉ። ሳህኔን ለአጠገቤ ሰው አሳለፍኩ።

እሁድ

አበባ ቆጣሪው ስር ስትጠርግ ቆየች። ከዚያ ገብታ የተቃጠለውን የመዳብ ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄ ከብሬከሩ ላይ ነው። አንተ ነህ?»

አዎ አልኩ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ በተሻለኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጥቁር ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ሽቦውን አገላብጣ አየችው።

«ለእማማ እኔ አልነግራትም» አለች። «አንተ ግን ሳትነግራት አትሸኛት።»

እማማ ነገ ጠዋት ወደ ፃግብጂ ይመለሳሉ። ጓዛቸውን ሸክፈዋል። ባዶው ማኅደር ምን ያደርግልዎታል አልኳቸው። የቄሱ የእጅ ወዝ አለበት አሉኝ።

ብነግራቸው የሚሆነውን አላውቅም፣ እንደምነግራቸውም እርግጠኛ አይደለሁም። መናኸሪያ ድረስ የምሸኛቸው እኔ ነኝ። ማኅደሩን አንተ ያዝልኝ ብለውኛል፣ ሌላ ሰው አላመኑም።