ቆሜ የምገባበት የዶሮ ቤት

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ? የምጠይቅህ ከልቤ ነው፤ ሲድህ የኖረ ሰው ወገቡ ቶሎ አይድንም። እኔን ብትል፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጉልበቴ ብርድ ሲመጣ ያጉረመርማል እንጂ ደህና ነኝ። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። ስምህ ሲነሳ አንዷም ቀና አላለች።

እህትህ መልእክትህን አድርሳልሃለች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ "የኔ እናት፣ ወንድ ልጅ ይሳሳታል፤ ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ያለፈው ይረሳ" አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ የበሯን ቁልፍ እንደቀየረችብህ፣ ለምን እንደሆነም እስካሁን እንዳልገባህ፣ አሁን በእህትህ ሳሎን እግርህ ከፍራሹ ተርፎ እንደምትተኛ ነገረችኝ። አዘንኩ። ለፍራሹ።

መልሴን እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዶሮ ቤቱ ልንገርህ።

የድሮውን መቼም አትረሳውም፤ የእጅህ ሥራ ነው። ከፍታው እስከ ጉልበቴ፣ በሩ የድመት መሿለኪያ የሚያክል። ጉልበቴ እንደማይታጠፍ እያወቅህ ምነው ይህን ያህል ዝቅ አደረግኸው ብልህ፣ እንደ ዶሮ ሚኒስትር ጉሮሮህን ጠርገህ "ዶሮ ዝቅ ያለ ጣሪያ ትወዳለች፤ ይሞቃታል" አልከኝ። እናም ገቢው አንተ፣ እንቁላል አውጪው አንተ፣ ቆጣሪው አንተ፤ እኔ ውጭ ቆሜ ሳህን ያዥ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። ለእኔ መጫኛም አላባከንክ፤ ጣሪያ ዝቅ ማድረግ በቃህ።

ከዚያ ዶሮዎቹ ይጎድሉ ጀመር። እየዳህክ ትወጣና፣ የጉልበትህን ገለባ እንኳ ሳታራግፍ፣ የለቀስተኛ ፊት አድርገህ "ሸለምጥማጥ በላት" ትለኛለህ። ላባዋስ የታለ ስልህ፣ "ንጹሕ በላተኛ ነው" አልክ። መቀርቀሪያውን ማን መልሶ ዘጋው ስልህ፣ "የከተማ ሸለምጥማጥ እኮ ነው፤ ሠልጥኗል" አልክ። አመንኩህ። የሰው መጋዘን ሲጠብቅ የሚያድር ባል ስለ ሌባ ካላወቀ ማን ያውቃል?

ቆሜ የምገባበት፣ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ቤት እንሥራላቸው ስልህ ደግሞ ሳቅህ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። "ለዶሮ ቪላ? ነገ ቴሌቪዥን አምጪ ይሉሻል!" አሁን ነው የገባኝ። ያስፈራህ ቪላው አልነበረም። ቆሜ ከገባሁ እቆጥራለሁ።

ያዋረደችህ ዳኛዋ ናት፤ ያቺ ቀይዋ ዶሮ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰው የምትገመግመው። ሸለምጥማጥ በላት ብለህ ራት ላይ እንጀራ አባቱ እንደሞተበት ሰው ተክዘህላት፣ በማግስቱ ሲመሽ በአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች። ቀጥታ ወደ ቆጧ። ዶሮ ሲመሽ የለመደችው ቆጥ ላይ ካልወጣች እንቅልፍ የላትም፤ ይህን አንተ ከየት ታውቀዋለህ። እግሯ ላይ አበባ ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ለምልክት ታስሯል። የሸሚዝህ ኪስ የተጣፈበት ጨርቅ። እሷን አየሁ፣ ኪስህን አየሁ፤ አንተ ሰማዩን አየህ። "ሸለምጥማጡ ልብስ ይሰፋል እንዴ?" ብዬ ብቻ ጠየቅሁህ። "ስትረጋጊ እመለሳለሁ" ብለህ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄድክ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ አለ፤ አንተ ግን የቆጡንም አውርደህ፣ የብብትህንም ጥለህ ነው የሄድከው።

እኔም ተረጋጋሁ። እጄ መዶሻ ሲይዝ እንዴት እንደምረጋጋ ብታየኝ!

ምሰሶዎቹን ምስጥ እንዳይበላቸው እግራቸውን የተቃጠለ ዘይት ቀብቼ ተከልኩ። ከላይ ግማሹን ቆርቆሮ፣ ግማሹን ሽቦ አለበስኩ፤ ጭልፊትም ድርሻውን ከሰማይ እንዳይጠይቅ። መጀመሪያ የሽቦውን ግርጌ በድንጋይ ብጫነው ይበቃል ብዬ ነበር፤ የሰፈሩ ውሻ ቆፍሮ አፍንጫውን አስገባ። እንደገና ነቅዬ፣ ሽቦውን መሬት ውስጥ ወደ ውጭ አጥፌ ቀበርኩት። ሌባ የሚቆፍረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ መጀመር አይታየውም። ለአንተም አልታየህም። በሩንም ወደ ውጭ እንዲከፈት ብሰቅለው፣ ገና እግሬን ሳላስገባ ሁሉም በመሃል ሾልከው ወጡ። ቁርጥ አንተን! ወደ ውስጥ አዞርኩት።

ሽቦ መቼም ብቻ አይወጠርም፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይጎትታል። ረዳት አገኘሁ። አንድ ጠዋት የሚንጫጫ ቅርጫት ይዛ ደጄ ላይ ቆመች፤ ሸለምጥማጥ በላቸው ያልካቸው ሁሉ ከሞት ተነስተው ከቅርጫቱ ወጡ። እጇ እንዴት ያለ እጅ መሰለህ! የሁለቱን ሽቦ ጫፎች ገጥማ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ትዘመዝማቸዋለች፤ በጉጠት ብትጎትተው አይተረተርም። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። ስንሠራ ጨዋታ እናመጣለን። እሷም ጋ ሸለምጥማጥ ገብቶ ነበር አሉ፤ እሷን ያታለላት ግን "ሚስቴ ሞታለች፤ ዶሮዎቹ የማስታወሻዋ ናቸው" ብሎ ነው። መዶሻዬን አስቀምጬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። "ለሞተች ሴት ደህና ሚስማር ትመቺያለሽ" አለችኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብዬ እገባለሁ። ሰጋቱራውን አገላብጣለሁ፣ ሽቦውን ዙሪያውን በእጄ እዳብሳለሁ፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጣለሁ፣ እቆጥራለሁ። አንዳንድ ቀን፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ እገባለሁ። ስለምችል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ መመለስ ትችላለህ። ጨካኝ አይደለሁም። የድሮውን ዶሮ ቤት አላፈረስኩትም። አጽድቼ፣ ቅንቅኑን በአመድ አጥፍቼ፣ አዲስ ገለባ ጎዝጉዤ አዘጋጅቼልሃለሁ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ይሞቅሃል። እግርህ ከተረፈ በበሩ ታወጣዋለህ፤ ዳኛዋ ጥፍርህን ትለቅምልሃለች። ስለ መቀርቀሪያው አታስብ፤ እኔ ከውጭ ቆሜ እዘጋዋለሁ። ሠልጥኛለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ትድህበታለህ። እንቅልፍህን የዶሮ፣ ዕድሜህን የኤሊ ያድርግልህ፤ ይህን ደብዳቤ ደጋግመህ የምታነብበት ጊዜ አይጠርብህ። እህትህን በጣም ሳምልኝ፤ ፍራሹንም ማረኝ በለው።

ነፍሷን ይማራትና፣
ሟች ባለቤትህ

ረስቼው፦ የሸሚዝህ ኪስ ዳግም ከተቀደደ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ አትድከም። ከሰዓት በኋላ እዚያ ሰው አይገኝም። ዶሮ እንመግባለን።