የሲራክ ወንበር

ጥቅምት 8 ቀን 1986፣ ሰኞ
ጠዋት ደመና። የጓሮውን ጎመን ኮተኮትኩ። ጉልበቴ ትንሽ ይሻላል።
ልጄ ጸደንያ ነገ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የሙከራ ትምህርት ትሰጣለች። ፖለቲካ ሳይንስ ለማስተማር ተወዳድራ። ከእራት በኋላ እኔን አስተማረችኝ። ደጋግሜ አስቆምኳት።
«ጥያቄ ትጠይቂና ራስሽ ትመልሻለሽ። ተማሪው ይመልስ እንጂ።»
«አባባ፣ ነገ የሚሰሙኝ እኮ መምህራን ናቸው።»
«ከተቀመጡ ተማሪ ናቸው።»
ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ጥቅምት 16
ተቀጠረች። ደስ ብሎኛል። ግን ቦታው የሲራክ ነው… አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ፤ እሷንም ያስተማራት። ሐምሌ ላይ «ውልህ አይታደስም» ብለው አሰናበቱት። ምክንያቱን በግልጽ የነገረው የለም። ሰፈሩ አሁንም ፕሮፌሰር ይለዋል። እሱ ግን ከቤት አይወጣም።
«ብተወውስ?» አለችኝ። ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ ፈት ናት። ምን ልበላት?

ጥቅምት 17
ሌሊቱን አስቤበት አደርኩ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። በእነሱ ዘንድ መምህሩ በሕይወት እያለ ወንበሩን የሚይዝ ደቀ መዝሙር አስቀድሞ ጉልበት ስሞ ይመረቃል። ሳይመረቅ መቀመጥ ነውር ነው። ትክክለኛው መንገድ ይኼ ነው። ለጸደንያ ነገርኳት።
«ዩኒቨርሲቲ እኮ ገዳም አይደለም፣ አባባ።»
«መምህር ግን መምህር ነው።»
እሁድ እንሄዳለን።

ጥቅምት 21፣ እሁድ
ሄድን። በሩን የከፈተችልን ሚስቱ ትሩፋት ናት። ሲራክ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ጺሙን አልተላጨም። «መምህር፣ ምነው ጠፉ?» ብሎ ተነሳልኝ።
እኔም በሥርዓቱ ጀመርኩ። ልጄ ተቀጥራለች፤ ባንተ ቦታ ነው፤ ሳትመርቃት አትቀመጥም…
ትሩፋት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «በማን ቦታ?»
ለካ አያውቁም። አቤቱታ አስገብቶ ኖሯል። ኅዳር ላይ ይታያል ተብሎ ቦታው ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው መስሎታል። እንዴት አስቀድሜ አልጠየቅኩም? ዕድሜዬን ሙሉ «ሳትጠይቁ አትመልሱ» እያልኩ አስተምሬ…
ጸደንያ መሬት መሬት እያየች፣ «ጋሽ ሲራክ፣ አቤቱታ እንዳለ አላወቅኩም። እተወዋለሁ» አለች።
«ብትተይው ለኔ የሚመልሱልኝ መስሎሻል?» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጅዎ ሳትከራከረኝ ከክፍል ወጥታ አታውቅም። አሁን ደግሞ የሷን ተማሪዎች እግዜር ይርዳቸው።»
ብቻውን ሳቀ።
ከዚያ ቆመ። ጉልበቱን ልትስም ዝቅ ስትል ከልክሎ እጁን ራሷ ላይ ጫነ። «ርቱዕ አንደበት ይስጥሽ። የሚሞግትሽ ተማሪ አያሳጣሽ።»
አሜን አልን። የትሩፋትን አሜን አልሰማሁም።

ኅዳር 3
ጸደንያ ማስተማር ጀመረች። ማታ ድምጿ ተዘግቶ ገባች። ዝንጅብል አፈላሁላት።

ኅዳር 19
ከዕድር ስመለስ ትሩፋትን መንገድ ላይ አገኘኋት። ሰላምታዬን አልመለሰችም።
«አቤቱታውን አነሳው፤ ሰምተዋል?»
«ለምን?»
«ለምን ይሆናል? ከተፈረደለት ልጅዎ ልትወጣ ነው። መርቄ ያስቀመጥኳትን ተነሺ አልልም አለ። ጠበቃው ተስፋ አለው ብሎት ነበር እኮ።» ነጠላዋን አጣፋች። «ልታስመርቁ መጥታችሁ አስራችሁት ሄዳችሁ።»


ኅዳር 20
ለጸደንያ አልነገርኳትም። ብትሰማ ትለቃለች። ትልቀቅ? ለሱ እንደሆነ አይመለስለትም…

ታኅሣሥ 2
ዛሬ ምሳ ላይ ነገርኳት። ጉርሻዋን ዋጠች።
«አውቃለሁ።»
«ማን ነገረሽ?»
«ራሱ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ አለኝ። ሥርዓት ብለው ነው የመጡት፤ ይጎዳሉ አለኝ።»
«አንቺስ ምን አልሽው?»
«ልልቀቅ አልኩት። ከለቀቅሽ ምርቃቴን መለስሽልኝ ማለት ነው አለ።» እጇን ከገበታው አነሳች። «አባባ፣ ያን ቀን እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሥራውን ስለፈለግኩት ተከተልኩህ።»
ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 18
እነሲራክ ቤታቸውን አከራይተው ወደ ትሩፋት አገር፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ። እዚያ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሊያስተምር ነው።
ዕቃ ሲጫን ወጣሁ። «ይተዉ መምህር፣ ወገብዎን» አለኝ። የቁም ሳጥኑን አንድ ጫፍ ያዝኩ እንጂ። ትሩፋት ጋቢና ገብታ ወደ ፊት ወደ ፊት ታያለች። ጸደንያ ክፍል ስለነበራት አልመጣችም። ወይም እንዲህ ብላኛለች።
መኪናው ሊነሳ ሲል ሲራክ በመስኮት ጎንበስ አለ።
«ተማሪዎቹ ወደዷት?»
«ወደዋታል» አልኩ።
«እግዚአብሔር ይመስገን።»
ከልቡ ነው ያለው። የከበደኝም ይኼው ነው።