ከቤተሰቡ ጋር ይስማማል ወይ?

ውድ ቨርነን፣

ይህን ደብዳቤ ሳትከፍተው እንደምትጥለው አውቃለሁ። ግን ዛሬ ስለ አንተ ሌላ ፎርም ስሞላ ዋልኩና ለራስህም ሳልጽፍልህ መቅረት አልሆነልኝም።

የመጀመሪያውን ፎርም ታስታውሳለህ? የሌለ ድምፅ መስማት ከጀመርክና ከማዕድኑ ሥራ ከተባረርክ በኋላ መንግሥት መሥራት ለማይችል ሕመምተኛ የሚከፍለውን ድጎማ ስንጠይቅልህ የመጣውን። "አመልካቹ ቀኑን እንዴት ያሳልፋል?" ይላል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ፎሶሊያ ትቀነጥሳለች።

"የቤታችንን ገመና ለመንግሥት አንጽፍም፣ ዶሪን። ልጄ ጨዋ ነው በይ።"

እኔም ሣር ያጭዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ እናቱን ያግዛል ብዬ ጻፍኩ። ሣሩን ያጨድከው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ከሥሩ ቀብረውብኛል የምትለውን ሽቦ ስትፈልግ። የድጎማው ቢሮ ወደመደበው ሐኪም ስትሄድ ደግሞ እማዬ ፀጉርህን ከረከመች፣ ሸሚዝህን ተኮሰች፣ "ደኅና ነኝ ጌታዬ" ማለትን አስጠናችህ። አንተም አልክ። "ንጹሕ፣ ትሑት፣ መሥራት የሚችል" ብለው ከለከሉን።

እማዬ በዚያው ክረምት ሞተች፤ አንተም እኔ ቤት መጣህ። ነርስ ያለበት የሕሙማን መኖሪያ ቤት የሚቀበልህ ድጎማው ካለህ ብቻ ነበር። ይግባኙን አብሮን የተማረው ጠበቃ ራትሊፍ ያዘልን።

"ወንድምሽን ትወጂዋለሽ?" አለኝ።

"ይሄ ምን ጥያቄ ነው?"

"እንግዲያው አዋርጂው። ደኅናውን ቀን ተዪና የከፋውን ብቻ ጻፊልኝ።"

ጻፍኩ። ወር ሙሉ አይታጠብም። ሽንቱን በጠርሙስ ያጠራቅማል። ልጄ ካይላ በሯን ቆልፋ ትተኛለች፤ እሱ ደጃፏ ላይ ቁጭ ይላል። እፈራዋለሁ።

ራትሊፍ ወረቀቱን ዳኛዋ ፊት ጮክ ብሎ እንደሚያነበው አልነገረኝም። አንተ ደግሞ በዚያ ቀን፣ ከወሩ ቀን ሁሉ መርጠህ፣ ደኅና ነበርክ። እያንዳንዱን ቃል ሰማህ።

"የሚጨምሩት ነገር አለ?" ብላ ዳኛዋ ጠየቀችህ።

"ደኅና ነኝ እመቤቴ" አልክ። ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ። "ካይላ ትፈራኛለች እንዴ? እኔ እኮ ደጃፏ ላይ የምቀመጠው እንዳይገቡባት ነው።"

ዳኛዋ ቀና ሳትል ጻፈች። ውጪ ስንወጣ ራትሊፍ እጄን ጨብጦ "ያሸነፈችልን ያቺ ንግግሩ ናት" አለኝ። እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ አንተም አየኸኝ።

ይኸው ሁለት ዓመትህ፣ ከእኔ አራት ቤት ወዲያ፣ ነርስ ባለበት ቤት ትኖራለህ፤ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊትህን ታዞራለህ። ዛሬ የሞላሁት ፎርም ድጎማው ይቀጥል እንደሆነ የሚያጣሩበት ነው። "ከቤተሰቡ ጋር ይስማማል ወይ?" ይላል። "ያለችው አንዲት እህት ናት፤ ሁለት ዓመት አላናገራትም" ብዬ ጻፍኩ። ክፍልህን የሚያስጠብቅልህ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ራትሊፍ ቢያየው ደግሞ እጄን ይጨብጠኝ ነበር።

ካይላ አሁንም በሯን ትቆልፋለች። ለምዶባት ነው ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር፤ ትፈራሃለች።

የሆነ ሆኖ እሑድ የበቆሎ ዳቦ እጋግራለሁ። ብትመጣ ፎርሙ ላይ አልጽፈውም።

እህትህ ዶሪን