ጎድኑን አሳረርኩት፣ ጎንደርም አልሄድኩም

ይድረስ ለባለቤቴ፣ ለእሜቴ ጥሩዬ፤

ሰላምታውን ዛሬ አልሰጥሽም፤ ተናድጃለሁ። ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። በነዚህ ሰባት ወራት አልቅሼልሻለሁ፣ ሻሽሽን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኝቻለሁ፣ አንድም ክፉ ቃል አልወጣኝም። ዛሬ ግን ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። እንደ ልማድሽ ማቋረጥ እንደሆነ አትችይም።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ። የደጁን የሣር ዳስ፣ ራኩባችንን፣ ነፋስ አጎበጠው፤ እኔም ጎብጬ ስለሆነ ጥላው ሥር ተስማምተን እንቀመጣለን። ውሃ የምታቀዘቅዢበት የሸክላ ዚር ተሰበረ። ለልጆቹ ፍየሏ ገፋችው ብያቸዋለሁ፤ የሰበርኩት እኔ ነኝ። የከተማችን የሸሕዲ ሙቀት እንደምታውቂው ነው፤ በሚያዝያ ጥላውንም ያልበዋል።

ልጆቻችን የሺና ተሻገር ከቀብርሽ ቀን ጀምሮ "አባባ፣ ጎንደር እኛ ጋ ይምጡ፤ ብቻዎን አይሆንም" ሲሉኝ ከረሙ። የሺ ስልክ ስትደውል "እንዴት አደሩ?" ማለት ትታ "ምን በሉ?" ነው የምትለኝ። ጥርስ የሌለው ሕፃን አደረጉኝ። እርግጥ ጥርሱ ተመናምኗል፤ ሕፃን ግን አይደለሁም። ስለዚህ ለፋሲካ ጠራኋቸውና ራቱን ራሴ እሠራለሁ አልኩ። ያውም በየዓመቱ የምንበላውን፣ ከነአጥንቱ የተጠበሰ የበሬ ጎድን። አጥግቤ ካበላኋቸው የጎንደር ወሬ ዳግመኛ እንዳይነሳ፤ ካቃተኝ ደግሞ ሻንጣዬን ላስር። ተስማሙ።

መቼም አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ጎድን የምጠብሰው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ከጓዳ አውጥተሽ ትሰጪኛለሽ፣ ፍም ላይ ገልበጥ ገልበጥ አደርገዋለሁ፣ አጥንቱን ከአጥንት ለይቼ አቀርባለሁ፣ እንግዳው ሁሉ "እጅዎ ይባረክ" ይለኛል። አንቺ ጥግ ይዘሽ ፈገግ ትያለሽ። ምን እንደሚያስቅሽ ጠይቄሽ አላውቅም።

ጣጣው ከቅርጫው ጀመረ። በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲደለደል፣ ለሁሉም እንዲዳረስ ጎድኑን በመጥረቢያ ሊከታትፉት ሲሉ ደረስኩ። የአንዱን ጎን ሳትሰብሩ ስጡኝ፣ ሌላውን ድርሻዬን እተዋለሁ አልኩ። "አባ በላይ፣ ቅርጫ ነው እኮ፤ ሥጋ ቤት መሰለዎት?" ብለው ተንጫጩብኝ። አንዱማ "እማማ ጥሩዬ ገና በሬው ሲገዛ ነበር ቀድመው የሚነግሩን" አለኝ። በየዓመቱ! ለእኔ ግን ትንፍሽ አላልሽም። ጉበቱንም ሽንጡንም ለቅቄ፣ ጎድኑን በትከሻዬ ተሸክሜ ገባሁ።

ጨው፣ ሚጥሚጣና ቅቤ አሸሁት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ፍሙን አቀጣጥዬ፣ ጥብስ የምንጠብስበትን የአሮጌ ትራክተር ማረሻ ዲስክ ጣድኩና ጎድኑን ዘረጋሁት። ስቡ ቀልጦ በዲስኩ ቀዳዳ ፍሙ ላይ ሲወርድ ነበልባሉ የራኩባውን ጣሪያ ሊልስ ደረሰ። ጎረቤታችን ሐጂ አደም ከሱቃቸው ባልዲ ውሃ ይዘው ሮጡና ቸለሱበት። የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ ታውቂያለሽ፤ ከመሳቅ ግን የከለከላቸው የለም። "አባ በላይ፣ ይህስ የክርስቲያንም የሙስሊምም አይደለም፤ የከሰል ነው" ብለውኝ ሄዱ።

ውጭው አመድ፣ ውስጡ ጥሬ። የልጅ ልጆችሽ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ እጅ የምሰጥ መሰለሽ? አዋዜ አቀረብኩና "አዲስ ነው፤ ከላይ ጥብስ፣ ከውስጥ ቁርጥ። ጎንደር ብትፈልጉ አታገኙትም" አልኳቸው። ተሻገር አንዱን አጥንት ይዞ ቢጎትት ቢጎትት ሥጋው አልላቀቅ አለው። "አባባ፣ በሬው ገና አልሞተም መሰለኝ" አለ። ሁላችንም ሳቅን። የሺ ግን እየሳቀች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሁሉንም ዘረገፈችው።

"እማዬ እኮ መጀመሪያ በሽንኩርትና በኮረሪማ ቀቅላ ነበር የምትሰጥዎት። እንዳይከፋዎት ብላ ነው የደበቀችው" አለች። ይህንንስ ዋጥኩት። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አባታችሁን ጎንደር ውሰዱት፣ ብቻውን ውሃ እንኳ አያፈላም ብላ ያስማለችንም እሷ ናት፤ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች።"

አንቺ ሴትዮ! ከጀርባዬ? ሐኪም ቤትማ አጠገብሽ ነበርኩ! እጅሽን ይዤ ምን ላምጣልሽ ስል "ምንም" ትይኛለሽ፤ ውሃ ልቀዳ ዞር ስል ትሸጪኛለሽ። ሕመምሽን እስኪጥልሽ ድረስ ደበቅሽኝ፣ ቅቅሉን ደበቅሽኝ፣ በመጨረሻም እንደ ዕቃ አስረክበሽኝ ሄድሽ። ፈርቼልህ ነው ልትይ ነው። ከፈራሽልኝ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? እምቢ እልሽ ነበር፣ ትጮሂብኝ ነበር፣ እጮህብሽ ነበር፣ ከዚያ መቀቀሉንም ታስተምሪኝ ነበር። ሳንጣላ መለያየታችን ነው አንጀቴን ያቃጠለው።

የሆነ ሆኖ ተሸንፌያለሁና ጠዋት ሻንጣዬን አሰርኩ። ረዳቱ "ጎንደር! ጎንደር!" እያለ ሲጮህ ከልጆቹ ጋር መናኸሪያ ደረስኩ። አንድ እግሬን ሚኒባሱ ላይ ሰቅዬ ሳለ አንድ ነገር ታሰበኝ። ይህን ሁሉ ንዴት ተሸክሜ ጎንደር ብገባ ከማን ጋር ልጣላ ነው? ልጆቹ ምን አጠፉ? የምጣላት ሴት እዚህ ሸሕዲ ናት ያለችው። እግሬን መለስኩ። የሺ እዚያው ሰው መሐል ተቆጣችኝ፤ ቁጣዋ ቁርጥ አንቺን ነው። ተሻገር ግን ሻንጣዬን ከላይ አውርዶ ሰጠኝና "እማዬን ሰላም ይበሉልን" አለኝ።

ስለዚህ ያስማልሻቸውን መሐላ እኔ አፍርሼዋለሁ። ከተቀየምሽ ተቀየሚ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ መቃብርሽ አጠገብ ተቀምጬ፣ ያልተጣላነውን ጥል አንድ በአንድ እጣላሻለሁ። ቀስ እያልክ ትረሳታለህ የሚሉኝ አሉ፤ አንቺን አያውቁሽም፣ እኔንም አያውቁኝም። እግዜር ዕድሜ ከሰጠኝ ገና ብዙ ዓመት ልናደድብሽ አስቤያለሁ።

የከዳሽው ባልሽ፣
በላይ