የደማስቆው ጠመንጃ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ዛሬም ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ዊልቸር ስገፋ ዋልኩ። እንደ እኔ የሚገፋ የለም፤ ፓይለቶቹ ሳይቀኑብኝ አይቀሩም። ስማ ደብተሬ፣ ከቤ/ክ የማታ የእንግሊዝኛ ትምህርት ከተመረቅኩ ወዲህ ያላነበብኩት ነገር የለም። የሻምፑ ጠርሙስ ሳይቀር። ለእረፍት ብሬክ ስወጣ ስልኬን ከፍቼ የጨረታ ገጽ አነበብኩ። አሮጌ ሾትጋን፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ። ከሥሩ ባለትልልቅ ፊደል ቃል፦ ደማስቆ። በእንግሊዝኛ፣ ያለማንም ርዳታ። ጳውሎስ የተጠራበት መንገድ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት አለ?

ሐሙስ፣ 9
ዕቃው ለገዢ የሚታየው ትናንት ነበር። ኦቨርታይም ገባሁ፣ አልሄድኩም። ዛሬ በስልክ ተጫረትኩ፣ አሸነፍኩ። ሚስቴ አስቴር ቲማቲም እንኳ በጣቷ ጫን ሳታደርግ አትገዛም። ጠመንጃ በፎቶ ይገዛል ወይ አለችኝ። አንቺንስ በፎቶ አይደል ያገባሁሽ አልኳት። ‹‹ያኔ ዕድልህን ጨርሰሃል›› ብላ ሳህኔን አነሳችብኝ። ገና አልጠገብኩም ነበር።

ዓርብ፣ 10
መጣልኝ። ብረቱ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የሚጠማዘዝ መስመር አለው። ሙሽራ ነው። ነገ ከጋሽ በቀለ ጋር በረሃ ወጥተን እንተኩሳለን። የቤ/ክ ሽማግሌ ናቸው፤ የመጀመሪያዋን ጥይት ለእርስዎ አልኳቸው። ታላቅ እያለ ታናሽ አይተኩስም። መረቁኝ።

ቅዳሜ፣ 11፣ ጠዋት
ጥይት ልገዛ ጠመንጃውን ይዤ አንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ገባሁ። ነጭ ሽማግሌ። ስለ ጳውሎስ ስነግረው ሳቀ። አፈሙዙን በባትሪ ሲያይ ሳቁ ቆመ። ደማስቆ ማለት ብረት እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የተሠራ የድሮ አፈሙዝ ነው አለኝ። የዚህ ውስጡ በዝገት ሳስቷል። የዛሬ ጥይት ካጎረስከው የተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል፤ ዓይን ያጠፋል።

ተኳሹ ጋሽ በቀለ ነበሩ። በአክብሮት ላሳውራቸው ነበር።

መኪና ውስጥ ገጹን እንደገና ከፈትኩ። ከደማስቆ ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል፦ አልተመረመረም፣ እንዳይተኮስ። ለካ ማንበብ ያቆምኩት በኮራሁባት ቃል ላይ ነው። ሳውልም ደማስቆ የገባው ዓይኑ ታውሮ፣ በሰው እጅ ተመርቶ ነው። ያን ምዕራፍ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው።

ጋሽ በቀለ እየደወሉ ነው። ባርኔጣቸውን አድርገው በራቸው ላይ እየጠበቁኝ ይሆናል። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ይሳቁብኝ፣ በሁለት ዓይናቸው እያዩኝ። ጠመንጃው ሳሎን ይሰቀላል። ከሥሩ በገዛ እጄ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፦ አይተኮስም። በትልልቅ ፊደል። የእጅ ጽሑፌ እንደሆነ ከጠመንጃው ያምራል።