ሦስተኛውን ጥላ የጠበቁት የአቶ ዶዲኹዶ ቁርቦንሾ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዶዲኹዶ ከአባታቸው ከአቶ ቁርቦንሾ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኒዮዝሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በፓሚር ተራሮች፣ በባርታንግ ሸለቆ ተወለዱ። አባታቸው የመንደሩ ፀሐይ ቆጣሪ ነበሩ። ፀሐይ በየትኛው የተራራ ጫፍ እንደወጣች እያዩ «ዛሬ ቁርጭምጭሚት ገባች፣ ገና ጉልበት ይቀራታል» እያሉ ዓመቱን በሰው ገላ ላይ፣ ወደ በጋ ከእግር ወደ ራስ ሽቅብ፣ ወደ ክረምት ከራስ ወደ እግር ቁልቁል ቆጥረው፣ መቼ እንደሚታረስ ይናገሩ ነበር። ልጃቸውም ፊደል ከመለየታቸው በፊት ይህን ቆጠራ አወቁ።

ትምህርታቸውን በመንደራቸውና በዱሻንቤ ተከታትለው በ2002 በፊዚክስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ከሸለቆው በላይ ባለች ትንሽ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ተቀጠሩ። በ2006 ከወ/ሮ ዛሪፋ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሙናቫራ የተባለች ልጅ አፍርተዋል። እናታቸው ጨው ያለው የወተት ሻይ በፔርሙስ እያስያዙ «ኮከቡን ብርድ አይነካውም፣ አንተ ግን ሳንባ አለህ፤ ኮትህን ደርብ!» ይሏቸው ነበር። «እሺ እማ» ይሉና ኮቱን መኪና ውስጥ ትተውት ይወጣሉ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ፀሐያችንን ለምትመስል አንዲት ኮከብ ነው። ሁለት ፕላኔቶች እንደሚዞሯት ታውቆ ነበር። አቶ ዶዲኹዶ ግን በኦክቶበር 2012፣ ሁለቱ በማያልፉባት ሌሊት፣ ብርሃኗ ለጥቂት ሰዓታት ሲደበዝዝ አዩ። በኤፕሪል 2017 እንደገና ያንኑ ያህል ደበዘዘ። ሦስተኛ ፕላኔት እንደ ጥላ በፊቷ ያልፋል ማለት ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ ደግሞ ካልታየ የሚያምናቸው አልነበረም። ያም ጊዜ በየአራት ዓመት ተኩሉ ሲሰላ ኦክቶበር 2021 ነበር።

ጊዜው ሲደርስ በሳንባ ሕመም ከተማ ሐኪም ቤት ተኝተው ስለነበር፣ መሣሪያውን አስቀድመው ላስለመዷቸው ለጣቢያው ጠባቂ ለባባ ናቦት በስልክ አደራ ሰጡ። ባባ ናቦት «የወረቀት ቀን አታምጣብኝ፣ በአባትህ አቆጣጠር ንገረኝ» ቢሏቸው፣ ሽማግሌውን ላለማሳፈር «ፀሐይ ቁልቁል ወርዳ ጉልበት በምትገባበት ሌሊት» አሏቸው። ባባ ናቦት ግን የወንዙ ማዶ ሰው ናቸው። እዚያ የሚያዩት ተራራ ሌላ ስለሆነ፣ በእነሱ ቆጠራ ፀሐይ ጉልበት የምትገባው ሦስት ቀን ዘግይታ ነው። ጣቢያውን ሲከፍቱ ኮከቧ እንደ ወትሮዋ ታበራ ነበር።

ሽማግሌው ሐኪም ቤት ድረስ መጥተው «የእናንተ ጉልበት ከእኛ ይቀድማል ብትለኝ ምን ነበረበት፣ አንተ ልጅ!» ብለው አለቀሱ። አቶ ዶዲኹዶ «ባባ፣ የሰማዩን ስለካ ኖሬ የመንደሬን ተራራ ረሳሁት» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ያቺ ሌሊት ደመና ነበራት ወይ ብለው ጠየቁ። «ጠርታ ነበር» ሲሏቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲህ እናታቸው የሚያቀርቡላቸውን ሾርባ አልቀመሱም ማለት ይቻላል።

ጃንዋሪ 19 ቀን 2022 በተወለዱ በ42 ዓመታቸው አርፈዋል። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ቀርተዋል።

ጥላው ተመልሶ የሚያልፈው በ2026 ነው። ጣቢያው ግን ባለፈው ወር ተዘግቷል፤ መስታወቱም ተነቅሎ ተወስዷል፤ በቦታቸው የተተካ ሰው የለም። በዓለም መዝገብ ያቺ ኮከብ ዛሬም ሁለት ፕላኔቶች ብቻ ናቸው ያሏት። በዚያች የጠራች ሌሊት ሦስተኛውን ሲያልፍ ያየ አምላክ ብቻ ነው፤ ልጃችን ሌላ ምስክር የላቸውም። እሱ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን።