አራሷ እየመጣች ነው፣ ወለሉ ግን በረዶ ነው

ወደ ደብዳቤው ከመግባቴ በፊት፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ ለእናንተ ብቻ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ይህን የምጽፈው የባለቤቴን ረጅም የሱፍ የውስጥ ሱሪ ራሴ ላይ ጠምጥሜ ነው። ሁለቱ እግሮቹ በግራና በቀኝ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥለዋል። ትናንት የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ስታንኳኳ ረስቼው እንደዚሁ ሆኜ ከፈትኩላት፤ እስካሁን በወንጁ ከተማ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ስሙት ብዬ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ለተከበሩ የቦይለር ፋብሪካው የደንበኞች ደስታ ክፍል ዋና ኃላፊ፣
ካሉበት

ጤና ይስጥልኝ። ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ወለልዎ እንዴት ነው፣ ይሞቃል? ቢሞቅልዎ ደስታዬ ነው። የታጠበ ጨርቅ ገመድ ላይ ሳይደርስ በብርድ እንደ ጣውላ በሚደርቅበት በዚህ ሰሞን፣ ከሁለታችን ቢያንስ አንዳችን ጀርባችንን አሙቀን ማደራችን ለአገር ይጠቅማል።

እኔ ማ ኦክሱን እባላለሁ፤ በዚህ መጽሔት ላይ የሰው ጓዳ በማውራት የምተዳደር ሴት ነኝ። ዛሬ ተራው የራሴ ጓዳ ሆነ። ባለፈው ነሐሴ ከድርጅትዎ ገዝተን ያስገጠምነው ቦይለር፣ የወለላችን ማሞቂያ፣ እሑድ ጠዋት ዝም አለ። ግድግዳው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ «16» የሚል ቀይ ቁጥር እያበራ እያጠፋ ይጠቅሰን ጀመር። ከወለሉ ሥር የሚዞረው ሙቅ ውሃ ቆመ፤ የምንበላበት፣ የምንቀመጥበት፣ የምንተኛበት ወለል በግማሽ ቀን ውስጥ ሬሳ ሆነ።

ለኛ ለሦስት አሮጊትና ሽማግሌ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርኩ፤ ተቃቅፈን እንሰነብት ነበር። ነገር ግን ልጄ ሶዳም የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ሴት ናት፣ ፀጉሯ ከወዲሁ ግንባሯን ሸፍኖታል። ልጄ ቀድማ ቦታ የያዘችበት የአራሶች ማረፊያ ሕፃናቱን ተቅማጥ ስለያዛቸው ተዘጋ። ሆስፒታሉ አልጋውን ይፈልገዋል፣ ባሏ መርከብ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረቡዕ ሕፃኗን ታቅፋ ወደኛ ትገባለች።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ባለቤቴን የወለዱት በጥር፣ ማገዶ ባለቀበት ቤት ነው። ያን ጊዜ ጉልበታቸው ውስጥ የገባው ብርድ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ደረጃ የሚወርዱት ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ነው። አራስ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ከተኛች ብርዱ አጥንቷ ውስጥ ጎጆ ይቀልሳል ይላሉ። እኔም የተማርኩ ነኝና ልከራከራቸው ከጀልኩ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን አየሁና አፌን ዘጋሁ። እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍቅርዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ክፍልዎ በደወልኩ ቁጥር አንድ ለስላሳ ድምፅ «እንወድዎታለን፣ ውድ ደንበኛችን» ይለኛል። ባለቤቴ እኔን ካገባኝ ጀምሮ ተጠራቅሞ ይህን ያህል ጊዜ ይህ ቃል ከአፉ አልወጣም። ድምፁ ቀጥሎ፣ አሁን የምታነጋግረኝ ሠራተኛ የአንድ ቤተሰብ ውድ ልጅ መሆኗን አስታውሶ በትሕትና እንዳናግራት ይለምነኛል። እውነት ነው፣ ክቡርነትዎ። የኔዋም የአንድ ቤተሰብ ውድ ልጅ ናት። ቤተሰቡም እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ያው ለስላሳ ድምፅ የስህተቱን ቁጥር እንድነካ ያዝዘኛል። ችግሩ እስከ ዐሥራ አምስት ድረስ ብቻ መቁጠር የሚችል መሆኑ ነው፤ ከቦይለሩ ጋር አብሮ የተማረ አይመስለኝም። የመመሪያው መጽሐፍ ደግሞ ከዐሥራ ስድስት ቁጥር ፊት ለፊት «ባለሙያ ያማክሩ» ብሎ ጽፏል። ስልክ የምታነሣውን ሠራተኛዎን ባማክር የመመሪያውን መጽሐፍ እንዳነብ መከረችኝ። ማዕድ ላይ እንደተገናኙ ጨዋ ሰዎች «አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ እኔ ጦሜን አደርኩ።

ሦስተኛ፣ «አጥፍተው ያብሩት» የሚለው ምክርዎ ግሩም ነው። አጠፋነው፣ አበራነው፤ ቁጥሩ «ተመስገን» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ያህል ይጠፋና ይመለሳል። ጋዙን መረመርን፣ ምድጃው ላይ ሾርባው ይንተከተካል። ጎረቤቴ ቧንቧው ቀዝቅዞ ነው ብላ ስለፈረደች፣ ጡረታ የወጣው የስፖርት መምህር ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ ቧንቧዎቹን በፀጉር ማድረቂያ ሲያሞቅ ዋለ። ማድረቂያው አረፈ፤ ነፍስ ይማር። ከዚያ በአማቴ አሮጌ ካፖርቶች ከቦይለሩ አንገት እስከ በረንዳው ወለል፣ እዚያ ያለውን ሁሉ ሳንመርጥ ሸፋፈንን። በዚህ ቤት ውስጥ ደህና የለበሰው ቦይለሩ ነው።

አራተኛው የሚያንገበግበኝ ነው። ሠራተኛዎ ቴክኒሻን የሚመጣው ሐሙስ ነው አለችኝ። ልጄ የምትገባው ረቡዕ ነው። ክቡርነትዎ፣ የአንድ ቀን ልዩነት ነው፣ ምን አላት ይሉ ይሆናል። አማቴ ግን ሕፃኗ ሦስት ሳምንት እስክትደፍን ድረስ ባዕድ የቤቱን ደፍ እንዳይረግጥ ገመዱን ገምደው ጨርሰዋል፤ ወደ ግራ የተገመደ የሩዝ ገለባ ገመድ፣ ሴት ስለሆነች ከሰልና የጥድ ቅርንጫፍ የተሰካበት። ልጄ እንደገባች በሩ ላይ ይወጠራል። ስለ ሐሙሱ ቀጠሮ በነገርኳቸው ጊዜ ከገመዱ ላይ ዓይናቸውን እንኳ አላነሡም።

«ከገባች በኋላ እንኳን ቦይለር ሠሪው፣ ቦይለሩን የወለደው አባቱ ቢመጣ ይቺን ገመድ አያልፍም» አሉኝ።

ስለዚህ ከረቡዕ በፊት ያልተሠራ ቦይለር በኛ ቤት ሕግ እስከ ወሩ መጨረሻ የማይሠራ ቦይለር ነው። ይህን ለሠራተኛዎ ለመንኳት፣ አለቀስኩባት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መቼም ከተሰጣት ወረቀት ላይ ያነበበችው አይደለም፣ «እናቴ፣ ሰው ቢኖረኝ ዛሬውኑ በላክሁልዎ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ቀዝቅዞ ነው የሚደውለው» አለችኝ። ይቺን ልጅ እንዳይቀጧት አደራ። ከክፍልዎ ውስጥ ደስታ ባይሆንም እውነት የሰጠችኝ እሷ ብቻ ናት።

ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በኋላ ማሽሟጠጥ አቃተኝ። ልጄ የምትተኛበትን ክፍል ጠርጌ ምንጣፉን ዘርግቻለሁ። መዳፌን ወለሉ ላይ ሳኖረው ብርዱ እስከ ክርኔ ይወጣል። ኤሌክትሪክ ምንጣፍ ብንገዛም ሶዳም ሕፃን አጠገብ አልሰካም ብላለች። የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ የማላውቀውንም አድርጌያለሁ። ምን እንደጎደለ የሚነግረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። መምጣት እንኳ ባይችል፣ በስልክ ይጠይቀኝ። የጠየቀኝን ሁሉ እመልሳለሁ።

ለደንበኞችዎ ደስታ ሌት ተቀን ለሚደክሙት ክቡርነትዎ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና፣ ሞቅ ያለ ወንበርና እስከ ዐሥራ ስድስት የሚቆጥር ማሽን እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ ከነጠመጠምኩት ሱሪ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አፍቃሪዋን የምታፈቅር ደንበኛዎ፣
ማ ኦክሱን፣ ከወንጁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ለኅትመት ሊገባ ሲል አዘጋጁን ለምኜ አስቆምኩት፤ ሐሙስ አልፏልና።

ሶዳም ረቡዕ ገባች። በቤቱ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደርበንላት ከብርድ ልብሶቹ ተራራ ጫፍ ላይ ተኛች፤ ሕፃኗ ስትተነፍስ ትንፋሿ ይታይ ነበር። አማቴ የራሳቸውን የሱፍ ካልሲ አውልቀው ለልጄ አጠለቁላት፣ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው ባዶ እግራቸውን ተቀመጡ።

ሐሙስ ቴክኒሻንዎ መጣ፤ አቶ ጉ ይባላል፣ ራሰ በራ ሰው ነው። አማቴ በሩን ገርበብ አድርገው ከሰሉን አላየኸውም ወይ አሉት። አይቻለሁ፣ እኔም የሴት ልጆች አባት ነኝ፣ አልገባም አላቸው። ዕቃውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ከገመዱ ወዲያ ሆኖ ይጠይቅ ጀመር።

«እማማ፣ ከቦይለሩ ሆድ የምትወርደው ቀጭን ቱቦ፣ ጫፏ የት ነው ያለው?»

«ጎመን በማኮመጥጥበት በኪምቺ ባልዲዬ ውስጥ ነዋ!» አሉ አማቴ።

«ባልዲ ውስጥ ማን ጨመራት?»

አማቴ በሩን ትንሽ ጨምረው ከፈቱና ከግንባሩ እስከ አገጩ አስተዋሉት። «አንተ ነሃ፣ ልጄ። በነሐሴ። በረንዳዬ እንዳይረጥብ ብዬ ባልዲ ሳቀብልህ፣ ምን ያለች ብልህ እናት ብለህ አመስግነኸኝ፣ የሰጠሁህን ሐብሐብ በልተህ ሄድክ።»

አቶ ጉ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

እኔ በረንዳው ላይ ካፖርቶቹን ገፈፍኩ። ቀዩ ባልዲ ከሥር ነበረ፣ አፉ ድረስ በረዶ ሆኖ፣ ቱቦዋ መካከሉ ላይ እንደ ሻማ ተተክላበት። ቦይለሩ ሲሠራ ጠብ ጠብ የሚያደርገው ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ ገዛ ሆዱ ተመልሶበት ኖሯል። ለአራሷ የባሕር ቅጠል ሾርባ የጣድኩትን ውሃ አምጥቼ አፈሰስኩበት፤ ቱቦዋ ተላቀቀች። አብሩት አለ አቶ ጉ ከውጭ። ቦይለሩ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ። አማቴ ለረጅም ጊዜ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አኑረው፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣ ሙቀቱ እስኪደርሰው ጠበቁ። ከዚያ ለአቶ ጉ ከገመዱ ሥር የተቀቀለ ስኳር ድንች አሾለኩለት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የጎደለን አንድ ጥያቄ ኖሯል፤ «ጫፏ የት ነው?» የምትል። በስልክ ትጠየቃለች። ፍቅርዎን አሳጥረው እሷን ቢጨምሩበት ምን ነበረበት?

የሕፃኗ መቶኛ ቀን ሲሆን፣ እንደ ባህላችን የሩዝ ቂጣ ለሚያውቋትም ለማያውቋትም ይታደላል፤ አንዱን ሳህን ለክፍልዎ እልካለሁ። ሳህን ደግሞ ባዶውን እንደማይመለስ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ለሕፃኗ ረጅም ዕድሜ የሚመኙበት ክርም ይሁን ሩዝ፣ ወይም አንድ መስመር ይቅርታ፣ ምን ተጭኖበት እንደተመለሰ ለአንባቢዎቼ እነግራለሁ፤ ባዶውን ከመጣም ሳህኑን አስነሥቼ ሥዕሉን እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።